ሥዕልን ያየ ዐይን ፊደልን እንዲያነብ

ሰው አንድን ነገር ከማመስገኑም ሆነ ከመንቀፉ በፊት ቀርቦ ሊመረምረው ይገባዋል። ሳይመረምሩ ማመስገን የሞኝነት፥ ሳይመረምሩ መንቀፍም የትዕቢት ምልክት ነው። በወላጆችና በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይመረመሩ ከሚፈረድባቸው ነገሮች አንዱ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚህ ነገር ለወጣቶች ጥቂት ለመጻፍ አሰብኩ።

ይህ ዐይነት ጽሑፍ በውጭ አገር ቋንቋ ኮሚክ ይባላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ገጹ በትንንሽ ሳጥኖች ይከፈላል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ከታሪኩ አንድ አንድ ድርጊት ይሣላል፤ ሰዎቹ የሚነጋገሩት ቃል ከራሳቸው በላይ እንደ ፊኛ በተከበበ መሥመር ውስጥ ይጻፋል። አንባቢውም ሥዕሉንና ቃሉን አንድ ላይ እያየ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። እንዲህ ያለው ታሪክ ረዝሞ ሙሉ መጽሐፍ ሲሆን የሥዕል ልብ ወለድ ይሉታል። ልብ ወለድ ይባል እንጂ እውነተኛ ታሪክም ይነገርበታል፤ አርት ስፒገልማን የተባለ አሜሪካዊ፥ አባቱ በናዚዎች ዘመን ያየውን መከራ በዚሁ አኳኋን «ማውስ» በተባለው መጽሐፉ ተርኮ በ1992 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህን የመሰለውን ጽሑፍ በትምህርት ቤት ንባብ ለማስተማሪያ ልናደርገው ይገባልን? የሚል ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ዐይነት መምህራን አውቃለሁ። አንደኛው፥ ተማሪው ከደብተሩ ሥር ሸሽጎ ሲያይ ያገኘውን የሥዕል ታሪክ ቀምቶ ይቀድደዋል፤ «ይህን ከምታይ ትምህርትህን አታነብምን?» ብሎም ይቆጣዋል። ሁለተኛው ግን ደግ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ ለጨዋው ልጅ እንደ ከረሜላ አድርጎ ይሰጠዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን አሳባቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሥዕል ታሪክ ንባብ አይደለም ብለው ያምናሉ። እኔ ግን ንባብ ነው እላለሁ፤ ንባብ ስለ ሆነም እንደ ማናቸውም ንባብ የሚያስተምረው መምህር ያስፈልገዋል።

በሥዕል ታሪክን መንገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ ወይም በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው፥ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ታሪክ ተሞልቶ ያያል። ከሥዕሉ አጠገብም የማን ታሪክ እንደ ሆነ የሚነግር ጽሕፈት አለ። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን በዐይኑ ይማራል፤ ፊደል የቆጠረው ደግሞ ጽሕፈቱን አንብቦ ለጎረቤቱ ይነግራል። እንደዚሁም ሠዓሊዎቻችን የንግሥት ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተራ በተራ ሳጥን፥ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል፥ ይሥሉ ነበር። ከየሳጥኑም ሥር አጭር አማርኛ ይጻፋል። ተመልካቹ ዐይኑን ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰደ፥ መሥመሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እየወረደ፥ ንግሥቲቱ ስትነሣ፥ ስትሄድ፥ ስትመለስ ያያል። አንድ ልጅ መጽሐፍ ሲይዝ ዐይኑን የሚያንቀሳቅሰው ከዚህ በምን ይለያል?

በአውሮጳም ነገሩ የጀመረው በመምህራን እጅ ነው። ኮሜኒየስ የተባለው የሞራቪያ መምህር በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ለልጆች ያሳተመው መጽሐፍ በየትምህርቱ አናት ሥዕል ነበረው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ተሰጥቶት፥ ያው ቁጥር ከታች በላቲንና በጀርመንኛ ከተጻፈው ቃል አጠገብ ይገኝ ነበር። ከእርሱም በኋላ በጄኔቭ የተወለደው ሮዶልፍ ቶፕፈር እንደ አባቱ ሠዓሊ ለመሆን ሲመኝ የዐይን ሕመም ከለከለውና መምህር ሆነ። ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምርም፥ ከ1827 ጀምሮ ለተማሪዎቹ መዝናኛ እየሣለ ከሥሩ ቃል የጻፈባቸው ታሪኮች የዛሬው ኮሚክ መነሻ ተብለው ይቆጠራሉ። ታላቁ የጀርመን ደራሲ ጎተም ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አይቶ አመስግኗቸዋል። ዛሬ የሚቀድደው መምህር የሚቀድደው በጥንት የሙያ ወንድሙ የተጀመረውን ሥራ ነው ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ የጠላትነቱን ታሪክ ሳልነግር ባልፍ ፍርዴ አድሏዊ ይሆናል። በአሜሪካ በ1940ዎቹ ኮሚክ እንደ ጎርፍ በየሰፈሩ ገባ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ምሁራን ለትምህርት ይጠቅማል ሲሉ፥ በታኅሣሥ 1944 አንድ የትምህርት መጽሔት ሙሉ እትሙን ለዚሁ ጉዳይ ሰጠ። ሌሎች ግን ልጆችን ያበላሻል አሉ፤ በ1948ም በአንዳንድ ከተሞች ልጆች በአዋቂዎች አበረታችነት ኮሚካቸውን ሰብስበው በእሳት አቃጠሉ። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የልጆች ጥፋት ምክንያቱ ኮሚክ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ነገሩን መረመረ፤ አሳታሚዎቹም ፈርተው ራሳቸውን የሚቈጣጠሩበት ደንብ አወጡ።

ዌርተም ክፉ ሰው አልነበረም። በሐርለም ለድኾች የሕክምና ቤት ከፍቶ ያገለገለ ሰው ነው፤ ከነቀፋቸው ኮሚኮችም አንዳንዶቹ ደምና ግድያ የሞላባቸው፥ ለልጅ እጅ የማይገቡ ነበሩ። ነገር ግን ካሮል ቲሊ የተባለች የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ዌርተም የተዋቸውን ወረቀቶች መርምራ በ2012 እንዳሳየችው፥ ልጆቹ የነገሩትን ቃል ለአሳቡ እንዲስማማ አድርጎ በብዙ ስፍራ ለውጦታል። ይህ ለወጣት አንባቢ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። የጥሩ ዓላማ ባለቤት መሆን ማስረጃን የመለወጥ ፈቃድ አይሰጥም። የጥቂቱን ኮሚክ ክፋት አይቶ በሁሉ ላይ መፍረድም፥ አንድ መጥፎ መጽሐፍ ስላነበቡ መጽሐፍን ሁሉ እንደ ማቃጠል ነው።

የሥዕል ታሪክ ቋንቋው ድኻ ነው የሚለው ክስ ደግሞ በቁጥር ተመርምሯል። በ1988 ሄይስና አረንስ የተባሉ አሜሪካውያን በእንግሊዝኛ ጽሑፎችና ንግግሮች ውስጥ ብዙ የማይሰሙ ብርቅ ቃላትን ቈጥረው ነበር። በተማሩ አዋቂዎች ተራ ጭውውት ከ1000 ቃል 17 ያህሉ ብርቅ ሆኖ ሲገኝ፥ በልጆች መጻሕፍት 31 ያህል፥ በኮሚክ ግን 53 ያህል ተገኘ። ይህ የእንግሊዝኛ ቈጠራ ነው፤ ለአማርኛ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ቢሆንም ሥዕል ያለበት ገጽ ሁሉ የቃል ችግር አለበት የሚለውን አሳብ ለማረም ይበቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሥዕሉ ትርጓሜውን ስለሚያግዝ ደራሲው ከባድ ቃል ለመጻፍ አይፈራም።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። የእኛ ፊደል 33 ሆኖ በሰባት ቤት ሲዘረዘር 231 ይሆናል። ልጁ ይህን ሁሉ መለየት አለበት። ይህን ከቻለ በኋላም ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ በጽሕፈታችን የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል በመልኩ አይለይም። «ልጁ ይመታል» ብለን ብንጽፍ፥ ልጁ መቺ ነው ወይስ ተመቺ? «ገና ነው» ብንል፥ በዓሉን ማለታችን ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለታችን? አዋቂ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይለየዋል። ጀማሪ ልጅ ግን ፊደሉን እየለቀመ ሲደክም የዐረፍተ ነገሩ አሳብ ይጠፋበታል። ሥዕሉ እዚህ ላይ ይረዳዋል። በሥዕሉ ላይ ልጁ ዱላ ይዞ ከሆነ አንድ ዐይነት፥ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ከሆነ ሌላ ዐይነት አድርጎ ያነበዋል። ሥዕሉ ፊደሉን ተክቶ አላነበበለትም፤ የትኛው ድምፅ ትክክል እንደ ሆነ እንዲፈርድ አደረገው እንጂ። ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል ይባል የለምን?

ከዚህም ሌላ በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ አስቡ። በመጀመሪያው ሳጥን ጅብ ወደ አህያ በረት ሲጠጋ ይታያል። በሁለተኛው ሳጥን በረቱ ባዶ ነው፤ በሩ ተሰብሯል። በመካከል የሆነውን ማንም አልሣለውም። ልጁ ራሱ ያስበዋል። አህያዋ ተበላች ወይስ አመለጠች? ይህን ለማወቅ ወደሚቀጥለው ሳጥን ይሄዳል፤ በዚያም የባለቤቱን ቃል በፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። የማንበብ ፍላጎት የሚወለደው እዚህ ነው። ያልተባለውን ከተባለው ማግኘት የንባብ ዋናው ሥራ ነውና።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በምኖርበት ሰፈር ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆችን በግቢዬ ሰብስቤ ንባብ አለማምድ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ፥ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፥ ራሳቸው ያልተማሩ ሴት ናቸው። «ጋሼ፥ የእኔ ልጅ እንኳ ንባቡን እንደ ውሃ ነው የሚያወርደው» ብለው ነገሩኝ። እውነትም ልጁ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ሳያቋርጥ አለው። ነገር ግን ከመካከል አንዱን መሥመር ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በወረቀት ብሸፍንበት ዝም አለ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ከጓደኞቹ ጋር በዜማ ሲል ሲል ገጹን በቃሉ ይዞታል እንጂ አያነብም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሕፃን እኅቱ መድኃኒት ተገዝቶ ሲመጣ፥ እናቲቱ በከረጢቱ ላይ ያለውን አማርኛ እንዲያነብላቸው ሰጡት። ልጁ አላወቅሁም ለማለት አፈረና በቀን ሦስት ጊዜ ይላል አላቸው። የተጻፈው ግን በቀን አንድ ጊዜ የሚል ነበር። ጎረቤት ደርሳ ባታየው ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ብቻ አይደለም። በ2010፥ በእኛ በ2002 ዓ.ም.፥ በአገራችን በተደረገው የንባብ ምርመራ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ለዚያ ልጅ የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ብሰጠው «ይህ የሕፃን ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። በደብተሩ ሽፋን ላይ ግን የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ሞልቶበት አየሁ። ስለዚህ አንድ ወረቀት በስድስት አጥፈን ስድስት ሳጥን አደረግነው። እርሱ ጨዋታውን ሣለ፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚባባሉም ነገረኝ። እኔም «አቀብለኝ!»፥ «ሳተው!»፥ «ዳኛው አላየም» እያልሁ የነገረኝን ቃል በየራሳቸው ላይ ጻፍሁለት። በማግሥቱ የራሱን ቃል አነበበ። በቃሉ እንዳይዘው ሳጥኖቹን በመቀስ ቆራርጬ አደባለቅኋቸው፤ ፊደሉን እያየ መልሶ አስተካከላቸው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ሸፍኜ ቃሉን ብቻ አሳየሁት።

በአንድ ወር አንባቢ ሆነ ብዬ አልዋሽም። ከአምስት ወር በኋላ ግን አይቶት የማያውቀውን ገጽ እየተንተባተበም ቢሆን ማንበብ ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ፥ ያላወቀው ቃል ሲገጥመው «ይህችን አላወቅኋትም» ማለት መጀመሩ ነው። በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የጎደለችው ይህች ቃል ነበረች።

እንግዲህ ይህን መንገድ ለሚከተል ሰው የማሳስበው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ቃሉን ሸፍኖ ሥዕሉን ብቻ ማሳየትና ልጁ ምን እየሆነ እንደሚመስለው እንዲናገር ማድረግ፤ ከዚያ ቃሉን ገልጦ በማንበብ ግምቱ ልክ መሆኑን ራሱ እንዲመረምር መተው ነው።

ሁለተኛ፥ ቃሉን ገልጦ ሥዕሉን መሸፈን ነው። ልጅ ብልህ ስለ ሆነ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን ይገምትና ያነበበ ይመስላል። የጥንት መምህሮቻችን ይህን ተንኰል በሚገባ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ብቻ ይዞ እንዳይቀር አቡጊዳን አስከተሉበት፤ አቡጊዳ ፊደሉን ከለመደው ተራ አውጥቶ በሌላ ተራ ስለሚያስኬደው የሚያውቀው ዐይኑ ይሁን አፉ ወዲያው ይለያል። ለሥዕል ታሪክም አቡጊዳ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ታሪኩን መምረጥ ነው። በዚህ ረገድ የሕንዱ አናንት ፓይ ሥራ ምሳሌ ይሆነናል። በ1967 በቴሌቪዥን በቀረበ የጥያቄና መልስ ውድድር የሕንድ ልጆች የግሪክን አማልክት ታሪክ ሲመልሱ፥ የራማ እናት ማን ናት ተብለው ሲጠየቁ ግን ዝም አሉ። ፓይም በዚህ ተነሣሥቶ በዚያው ዓመት የሕንድን ታሪክና ተረት በሥዕል የሚነግሩትን «አማር ቺትራ ካታ» የተባሉትን መጻሕፍት ጀመረ፤ በብዙ የሕንድ ቋንቋዎችም ታተሙ። በእኛም በኩል ብስራት ደበበ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል ታሪክ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አውጥቷል። መንገዱ ተጀምሯል፤ ነገር ግን በአማርኛ ለትምህርት ቤት የሚሆነው ገና ጥቂት ነው።

አራተኛ፥ በሥዕል ታሪክ ብቻ አለመቅረት ነው። ሥዕል የጀግናውን ፊት ወስኖ ይሰጠናል፤ በቃል ብቻ የተጻፈ ታሪክ ግን ፊቱን እኛው በልባችን እንድንሥለው ይተውልናል። ሕግን፥ ፍልስፍናን፥ ረጅም ክርክርን የሚያነብ ሰው የሚደገፍበት ሥዕል አያገኝም። ስለዚህ ልጁ ዛሬ ስድስት ሳጥን ካነበበ ነገ ሳጥን የሌለበት አንድ አጭር አንቀጽ ይጨመርለት፤ ከነገ ወዲያም አንድ ገጽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ምናልባት መጽሐፉ ውድ ነው፥ ከየት እናገኘዋለን? የሚል ይኖር ይሆናል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ሳጥን በጠመኔ ለመሣል ገንዘብ አያስፈልግም። ሥዕሉም የሠዓሊ እጅ የግድ አይሻም፤ ጅቡ ውሻ ቢመስልም ልጆቹ ይሥቃሉ እንጂ ታሪኩ አይበላሽባቸውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምታነብ ወይም የምታነቢ፥ ከ34ቱ መካከል አይደላችሁም። ነገር ግን በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ገጹን በቃሉ ይዞ የሚኖር ታናሽ ሊኖር ይችላል። እርሱን በማሳፈር አትፈትኑት፤ ያፈረ ልጅ የሚማረው መደበቅን ነውና። ወረቀት አጥፋችሁ አብራችሁት ሣሉ፤ የሚነግራችሁን ቃል ጻፉለት፤ በማግሥቱ አስነብቡት። የሥዕል ታሪክ ይዞ ብታገኙትም አትቀሙት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እስኪ ይህ ሰውዬ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። አላወቅሁም ቢላችሁ ደግሞ አመስግኑትና ፊደሏን አሳዩት።